የብርሌው አንገት

ብርጭቆ አጣቢ ነኝ፣ ከአዌቱ ማዶ፣ እትዬ አስካለ ቤት።
ሰው በፊቱ ይታወቃል ይላሉ፤ እኔ የማውቀው በጠጣበት።
መለኪያው ቂጡ ወፍራም፣ ሆዱ ጠባብ፣ ለችኩል የተሠራ፣
ብርሌው አንገተ ሰልካካ፣ ሽታ ይዞ የሚያድር፣ የሚኮራ፣
የሻይ ብርጭቆው አፈ ሰፊ፣ ምስጢር የማይቋጥር፤
ጆሮው የወለቀ ሲኒም አለ፣ ከዕቃ የማይቆጠር።

አንድ ማታ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወግር፣
ሽብሩ ገባ፣ የከባድ መኪናው ሾፌር፣
ከጅቡቲ መንገድ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቱ፣
አንድ ጠርሙስ እንደ ጨቅላ ታቅፎ በደረቱ።
«ተኪላ ይባላል» አለ። ስሙን ሲጠራ ቤቱ ሳቀ።
ወረቀቱ ላይ ያለውን ሥዕል ግን ሁሉም አወቀ።
ቃጫ!
ያ የአጥራችን ቃጫ፣ ጫፉ እንደ ወስፌ የሚዋጋ፣
ፍየል የማትደፍረው፣ ክረምት ከበጋ።
«ከገመድ አረቄ? ልንጠጣ ነው ወይስ ልንታሰር?»
አለ በርጩማ ጠራቢው ዳልኬ፣ ከምሰሶው ሥር።

በመለኪያ ቀዳሁላቸው።
እሳቱ ሽቅብ ወጣ፣ አፍንጫ በጥፊ መታ፣
ዳልኬ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ይሄማ የኛው ነው፤ ስም ብቻ ይዞ መጣ።»
ሽብሩ ተቆጣ። «ዕቃው ነው!» አለ። «ዕቃው ነው ያበላሸው!»

በሻይ ብርጭቆ ሰጠኋቸው።
ሽታው ወጥቶ ሄደ፣
ያለ ስንብት፣ እንደ ተከፋ እንግዳ፣ በመስኮቱ ነጎደ።
የቀረው ውሃ ነው፣ ከሥሩ መረር ያለ።
«ይሄስ ሞቷል» ሽብሩ ራሱ አለ።

ብርሌውን አወረድኩ። ከግማሹ በታች ቀዳሁ፣
አንዴ አዞርኩት፣ ጥቂት አቆየሁ።
አሸተቱ። ዝም አሉ።
«የሆነ ነገር አለው።»
ምን?
«የሆነ ነገር» እንጂ፣ በስሙ የሚጠራው ማነው?

አባ ኦሊ በሩ ላይ ነበሩ፣ ዝናብ ሊያሳልፉ የቆሙ፣
ገመድ ገማጅ፣ አርባ ዓመት ቃጫ ሲፍቁ የከረሙ።
አይጠጡም። የቤታችንን ደፍ አልፈው አያውቁም።
«እስቲ ላሽትተው» አሉ፣ «ማሽተት መቅመስ ካልሆነ።»
ሦስቱንም ደፉ ላይ ደረደርኩ፤
እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጎንበስ አሉ።

መለኪያውን፣
«ይሄ ገመዱ ነው፤ በሬ ሲጎትተው ግንድ ላይ ሲፋጭ የሚጨሰው።»
የሻይ ብርጭቆውን፣
«ይሄ ቃጫ የታጠበበት ውሃ፣ ደጅ የፈሰሰው።»
ብርሌው ጋ ሲደርሱ ቆዩ።
ዝናቡ አባራ፤ እሳቸው አልሄዱም።
«ይሄ ጠዋት ነው» አሉ። «ቅጠሉ ገና ሲቆረጥ፣ ጤዛው ሳይነሳ፣
ቢላው ሲገባ፣ ከነጩ ሥር የሚወጣው፣ ጣፈጥ የሚለው . . .
ቆራጩ አባቴ ነበር፣ እኔ ተሸካሚ።
ይሄን ሽታ ካጣሁት . . .»
በጣታቸው ጀመሩና ተዉት መቁጠሩን።
ዳልኬ እንኳ አልቀለደም።
ሽብሩ ጠርሙሱን ከደነ፤ ድል ያደረገም የተሸነፈም ይመስል ነበር።

ሌሊት ብቻዬን ዕቃ አጠብኩ።
መለኪያው ባንድ ውሃ ጠራ፤ የሻዩም ወዲያው።
ብርሌ ግን እጅ አያስገባም፣
በጠጠርና በውሃ ነው የሚናጠው፣ ቀሽ ቀሽ እያለ።
ጠጠሩን አነሳሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ላሽትተው አልኩ።
ጤዛ የለም። አባትም የለም።
እኔ ያገኘሁት እርጥብ ሣር፣ የሎሚ ልጣጭ፣
ደግሞ የገዛ እጄ ሳሙና።
አፍንጫ ለካ የሚያወጣው ያስገባውን ነው።

«አልጨረስሽም?» እትዬ አስካለ ከውስጥ።
«አንድ ቀርቶኛል።»
ጠጠሩን ጣሳው ውስጥ መለስኩት።

ጠዋት አባ ኦሊ ወደ ሂርማታ ገበያ ሲያልፉ፣
የገመድ ጥቅል በትከሻቸው፣
የብርሌውን አፍ በመዳፌ ከድኜ
በሩ ላይ ቆምኩ።